ለጸባዬ የመጡት ሽማግሌዎች

«እናትሽን ትደበድቢያለሽ አሉ።»

እንዲህ ያሉኝ የሽልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ሮማን ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አዳማ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ። እኔ ሹሩባዬን ተሠርቼ፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንዴት አድርጌ እንደምራመድ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነው ከመቂ የመጣሁት።

«ምን?» አልኩ።

«እናትሽን ትደበድቢያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ የእጅ ዓመል አለብሽ፣ ማታ ማታም የሚነሳብሽ ነገር አለ ተብሏል።» በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የነገሩኝ። «እንግዲህ እኛ ይህን ሰምተን እንዴት አድርገን ነው አንቺን የጸባይ ምሳሌ ብለን መድረክ ላይ የምናወጣው?»

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ብሎኝ፣ መቂ ከእማዬ ጋር ቲማቲም እለይ ነበር። ደህናውን ከተፈነከተው ለይተን ሳጥን እንሞላለን፣ ደላላ ያስጭነዋል፣ አዲስ አበባ ይበላዋል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በመስኖ ቦዩ ዳር ዳር እሮጣለሁ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መቂ ሰው አታስሮጥም። ርቀቴ አምስት ሺህ ሜትር ነው። በዚያ ዓመት ከአካባቢው ሴቶች የቀደመችኝ አልነበረችም። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ፤ እውነት ነው።

አፌ ግን ችግር ነው። አሠልጣኛችን ኮች ደምሴ «አያንቱ፣ አንቺን የሚጥልሽ እግርሽ ሳይሆን ምላስሽ ነው» ይለኝ ነበር። የመሰለኝን እናገራለሁ። የሹፌሩን አነዳድ፣ የዳኛውን ሰዓት አያያዝ፣ የጎረቤቴን ስፌት፣ ምንም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፍም።

ሽልማቱ በየዓመቱ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚመረጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወጣት አትሌቶች የሚሰጥ ነው፤ በውጤትም በጸባይም ለተመሰገኑ። ዋንጫ አለው፤ ዋንጫው የኮሞዲኖ ጌጥ ነው፣ አልፈለግኩትም። እኔ የፈለግኩት አልጋውን ነበር። የተሸለመችዋ ልጅ አዳማ ውስጥ አንድ ክለብ ካምፕ ትገባለች፤ አልጋ፣ ምግብ፣ በየቀኑ ልምምድ። ቲማቲም የለም፣ ደላላ የለም። ጠዋት ሮጦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ማታ ደግሞ መሮጥ። ሯጭ ላልሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። ድካምን ተኝቶ ማሳለፍ ለእኛ ቅንጦት ነው።

ለመጨረሻው የቀረነው ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና ከሁሩታ የመጣችው ሰሚራ። ሰሚራ በሩጫ ሁለተኛ ናት፣ በዝምታ ግን አንደኛ።

አሁን ደግሞ የኮሚቴውን አሠራር ስሙ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የልጅቷን ጸባይ ለማጣራት ሰዎቹ ራሳቸው ሠፈሯ ድረስ ሄደው ጎረቤት ይጠይቃሉ። ለምን እንደሚጠይቁ ግን አይናገሩም። ኮች ደምሴ ነግሮናል፦ «ለሽልማት ነው ካሏቸው ጎረቤት ሁሉ ‹መልአክ ናት› ይላል። ስለዚህ በድንገት ነው የሚመጡት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ካወራችሁ ትሰረዛላችሁ።» እኔም ለእማዬ እንኳ አልነገርኩም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አፌን ዘጋሁ፤ እሱም ጉድ ሠራኝ።

ወደ ቢሮዋ ልመለስ።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አልኩ።

«አይነገርም። የመሰከረ ሰው ስም አይወጣም።»

«የእኔ ስም ግን ይወጣል?»

«አያንቱ፣ ድምፅሽን።»

«ድምፄ ምን ሆነ? እናቷን ትመታለች የተባለች ሰው በምን ድምፅ ነው የምትናገረው? ያስተምሩኝ!»

ከወይዘሮ ሮማን አጠገብ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ። እሳቸው ያዘኑልኝ መሰለኝ። «ልጄ፣ እኛም አላመንንም ነበር» አሉኝ በለሆሳስ። «ግን ሴትዮዋ እንዲህ ቆጣ ቆጣ እያሉ፣ የጆንያ መርፌያቸውን እንኳ ሳያቆሙ...»

ወይዘሮ ሮማን ዞር ብለው አዩዋቸው። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

በእኛ ሠፈር ጆንያ የምትሰፋ ሴት አንድ ብቻ ናት። አዴ ሞሚና።

አዴ ሞሚና ማለት ግድግዳ የምንጋራት ሴት ናት። የተቀደደ የሽንኩርት ጆንያ ከደላሎች እየተቀበለች በሲባጎ ትጠግናለች። እማዬ እርሻ ስትውል ያበላችኝ፣ የመጀመሪያውን የሩጫ ቁምጣዬን ያጠበበችልኝ፣ ወንዶች ሲተነኩሱኝ ድንጋይ ይዛ የወጣችልኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቤ እተወው ነበር። አዴ ስትሆንብኝ ግን መተው አልቻልኩም።

«አመጣታለሁ» አልኩ ተነስቼ። «እዚህ ፊቴ ቆማ ትድገመው።»

«ሽልማቱ ከሰዓት በኋላ ነው» አሉ ወይዘሮ ሮማን። «እኛ ማንንም አንጠብቅም።»

ኮሪደሩ ላይ ሰሚራ ቆማለች። በሩ ቀጭን ነው፣ ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗን አፍጥጣ ጠጋ አለችኝና «አያንቱ፣ እውነት ግን እናትሽን ትመቻለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«እስካሁን አልመታሁም። ባንቺ ልጀምር?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ እሱንም ይሰሙሻል!»

ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ፣ ከሞጆ ደግሞ «ባቱ! መቂ! ባቱ!» በሚል ረዳት ተጎትቼ ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ለምን አልደወልሽም ትሉኝ ይሆናል። አዴ ስልክ አላት፤ የምታነሳው ግን ደስ ሲላት ነው። ቢሆንም የስልክ ነገር አልነበረም። ፊቷን እያየሁ ልጠይቃት ነው የፈለግኩት።

መቀመጫው ላይ መርጋት አቃተኝ። ሹፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር እግሬ መሬቱን ይረግጣል። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ታዝበውኝ «ልጄ፣ መኪናውን አንቺ ነሽ እንዴ የምትገፊው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቆቃ ላይ መንገድ ዳር ልጆች ዓሣ አንጠልጥለው ሲያሳዩን፣ ዓለም ጤናን ስናልፍ፣ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን? ምን አድርጌያት ነው? ባለፈው ሳምንት «አዴ፣ ስፌትሽ ጠሟል፣ ዓይንሽን ታየት» ብያት አኩርፋ ነበር። በዚህ ሰው ይህን ያህል ይጨክናል? ወይስ የገዛ ልጇ አጠገቧ ስለሌለች ቅናት ይሆን? ይህን ሳስብ አፈርኩ፤ ግን አሰብኩት። ሰው ሲከፋው የሚያስበው ነገር አያልቅም። መቂ ስንደርስ አዴን ጥፋተኛ አድርጌ ፈርጄ፣ የምናገረውንም በቃሌ አጥንቼ ጨርሼ ነበር።

ቅዳሜ ስለሆነ ሠፈሩ በጭነት መኪና ተሞልቷል። አዴ እንደ ወትሮዋ በጓሯችን በር ላይ፣ መቀመጫ ባደረገቻት ግንድ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ወገን የተቀደደ ጆንያ፣ በሌላው የተጠገነ፣ አፏ ውስጥ ሲባጎ።

«ምነው መጣሽ? ዛሬ አዳማ አልነበርሽም?» አለችኝ ሲባጎውን ሳትተፋ።

«አዴ፣ እናቴን እደበድባለሁ?»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ይህ ብቻ ወጣ። መርፌዋን አቆመች። ትደነግጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ።

«ሰምተሻል ማለት ነው! እና ምን አሉ? ተዉት አይደል?»

«ተዉት።»

«እሰይ!» ጆንያውን ወርውራ ተነሳች። እልልታዋን አቀለጠችው። የሽንኩርት ጫኞቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። «እሰይ፣ እሰይ! አላልኩሽም? እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይወስድሽም አላልኩሽም? ወላሂ፣ ሴትዮዋን ፊቷን ብታይው! ‹ማታ ማታ ይነሳባታል› ስላት ሽማግሌው ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ!»

«አዴ... ሰዎቹ ለምን የመጡ መሰለሽ?»

«ለምን ይመጣሉ? እኔ የዛሬ ልጅ ነኝ? የከተማ መኪና መጣ፤ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት፣ አንድ ዝም የሚል ጎረምሳ። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ‹ያቺ ቀጭኗ ልጅ የማን ልጅ ናት? ጸባይዋስ? ከማን ጋር ትውላለች? ለታላቅ ትታዘዛለች? ጤናዋ ደህና ነው?› አሉኝ። ለምን እንደሚጠይቁ ስጠይቃቸው ‹እንዲሁ ነው እናት፣ ለደግ ነገር ነው› አሉ። ለደግ ነገር! ለሀዋም የመጡት ‹ለደግ ነገር ነው› ብለው ነበር።»

ሀዋ የአዴ ልጅ ናት። እኔ ትንሽ ሆኜ ነው የሄደችው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከወደ ነገሌ የመጡ ሰዎች ወሰዷት። አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ወደ መቂ አይለቃትም። አንዳንድ ጊዜ ስልክ ትደውላለች፤ ባሏ አጠገቧ ስለሚቆም የምትናገረው ስለ ዝናብና ስለ ከብት ብቻ ነው። አዴ ያችኑ ወሬ ሰምታ ለሳምንት ትኖርበታለች።

«ያኔ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረው ጠየቁ» አለች አዴ፤ ተመልሳ ግንዷ ላይ እየተቀመጠች። «ሁሉም አመሰገናት። ወርቅ ልጅ፣ አንገቷን የደፋች፣ ሙያዋ እንዲህ ነው፣ አሉ። እኔም ኮራሁ፣ ሞኟ። የጎረቤት ምስጋና ነው ልጄን የወሰደብኝ። አንቺንም ባለፈው ክረምት ያ ደላላ ለወንድሙ ሽማግሌ ሲልክብሽ እናትሽ ‹ገና ናት› ብላ መለሰቻቸው። ግን ስትመልሳቸው ድምፅዋን ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ቢደግሙ ትሰጥ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ቀድሜ ከመንገድ መለስኳቸው። እናትሽ ሳታያቸው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሽልማቱን፣ ክለቡን፣ አልጋውን ነገርኳት። እያወራሁ የፊቷ ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰክታ ተነሳች። ጫማዋን ፈለገች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትናገሩ ተብለን ነው።»

«አንቺ? አንቺ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

«ያ ረቢ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትለፈልፊ ኖረሽ፣ ዝም የምትዪበትን ቀን ደግሞ መረጥሽ!»

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሊነሳ ሲል አገኘን። ሹፌሩ ጋቢናው ለሰው አይሆንም ብሎ ሲያንገራግር አዴ በሩን ከፍታ ገብታ ተቀመጠች። «የምትጭንበትን ጆንያ ማን ሰፋው?» አለችው። መኪናውን አስነሳ። እስከ ሞጆ ድረስ «ተጫነው፣ ተጫነው» እያለች አስጨነቀችው። ከሞጆ በሚኒባስ አዳማ ገባን።

አዳራሹ ሞልቷል። ነጭ የለበሱ ወላጆች፣ ቱታ የለበሱ ልጆች፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው የሚቀርጹ ወጣቶች። የሰሚራ አባት ከሁሩታ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ኮች ደምሴ በር ላይ አየንና ፊቱ ላይ ላብ እያለ «የት ጠፋሽ?» ብሎ እጄን ይዞ ከመድረኩ ጀርባ አስገባን። የወንዶቹ ሽልማት እየተሰጠ ነው። ወይዘሮ ሮማንና ኦቦ ገመቹ እዚያው ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። መቂ አብሯቸው የመጣው ጎረምሳም ስልኩን እየነካካ አጠገባቸው ነው።

አዴ ምንም ሳታዳንቅ ነገረቻቸው። ኦቦ ገመቹን «አካም ጂርታ» ብላ ሰላም ብላ ጀመረች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ኦቦ ገመቹ መሃል ላይ መሳቅ ጀመሩ። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «ሮማን፣ እኔ ለሦስት ወንዶች ልጆቼ ሚስት ስፈልግ እንዲሁ ነው እየዞርኩ የጠየቅኩት! ያንኑ ጥያቄ፣ ያንኑ ቃል! እኛ ነን ጥፋተኞቹ።»

ወይዘሮ ሮማንም ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ፈገግታቸውን ሰበሰቡት።

«ይገባኛል እናት። እኔ አምኜዎታለሁ። ችግሩ ወሬው ወጥቷል፤ ከቢሯችን ማን እንዳወጣው አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የመቂዋ ልጅ እናቷን ትመታለች እያለ ነው። አሁን ዝም ብዬ ስሟን ብጠራ በዘመድ ሠሩ እንባላለን፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትታማ ትኖራለች። አንድ መንገድ ነው ያለው። መድረክ ላይ ወጥተው እርስዎ ራስዎ ይንገሩ። ያሉትን፣ ለምን እንዳሉትም።»

«ይሄ ነው እንዴ? ይሄማ ቀላል ነው» አለች አዴ፤ ሻሿን እያጠበቀች።

«ተሳስቼ ነው ብትል አይበቃም?» አልኩ።

«ተሳስቼ ብቻ ካሉ ሰው ‹ተለምነው ነው› ይላል። ምክንያቱን ካልሰማ አያምንም።»

አዴ ከወዲሁ መለማመድ ጀምራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ልጄ ሀዋ ልጅ ሳለች ሽማግሌዎች መጥተው... ባሏ አሁን...» እዚህ ላይ ቃሏን ቆረጠችው። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ጎረምሳውን «ይሄ ይቀረጻል?» አልኩት።

«ላይቭ ነው» አለኝ ደስ ብሎት። «በፌስቡክም በቲክቶክም።»

ያን ጊዜ ነው የታየኝ። አዴ ማይክ ይዛ ስለ ሀዋ ስትናገር፣ ሰው ሲስቅና ሲያዝን፣ ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲሄድ። ነገሌም ስልክ አለ። የሀዋ ባል አማቱ በሕዝብ ፊት ልጄን ወሰደብኝ ስትል ያያታል። ከዚያ በኋላ የዝናብና የከብት ወሬም አይኖርም።

«አዴ፣ ሀዋን አታንሺ» አልኳት በጆሮዋ።

«ሳላነሳት እንዴት ይገባቸዋል?»

«ባሏ ቢሰማስ?»

ነጠላዋ ላይ የሰካችውን መርፌ በጣቷ ዳሰሰችው። እሷም አስባዋለች ማለት ነው። ከእኔ ቀድማ አስባው ነው ቀላል ነው ያለችው።

«ይስማ» አለች። «የሀዋ የሆነው ሆኗል። ያንቺ ገና ነው።»

«እኔ አልፈልግም።»

«ማን ጠየቀሽ አንቺን? ያበላሸሁት እኔ፣ የማቃናው እኔ። አፍሽን ያዢ!»

ኮች ደምሴ ክንዴን ያዘኝ። «አያንቱ፣ አብደሻል? አልጋው እኮ ነው! ይሄ ዕድል ድጋሚ አይመጣም። ሴትዮዋ ፈቅደዋል፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

እዚህ ላይ ጥቂት ላቁምና የምለውን ልበል፤ ሌላ ቦታ የምለው አላገኝም።

ይህን የምጽፈው ከአዳማ ነው። ከሁለት ሯጭ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ጠዋት እሮጣለሁ፣ ቀን አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ፣ ማታ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። ክለብ የለኝም። አንዳንድ ቀን ሰሚራ ካምፑ ከሰጣት እንቁላል ደብቃ ታመጣልኛለች፤ ሁለት ጊዜ ቀድማኛለች፣ አልዋሽም። ያን ቀን ያደረግኩት ልክ ነበር ብዬ ልሰብካችሁ አልፈልግም። ሰሃን ሳጥብ ጀርባዬን ሲያመኝ ደደብ ነበርኩ እላለሁ። መቂ ሄጄ አዴ በስልክ ከሀዋ ጋር ስለ በግ ስታወራ በግድግዳው የሰማሁ ቀን ደግሞ ሌላ እላለሁ። አዴ እስከ ዛሬ አልተስማማችም። «የሀዋን ስልክ አዳንኩ ብለሽ ዕድልሽን ጣልሽ፣ ማን ላከሽ?» ትለኛለች፤ ለወር ያህልም አኩርፋኝ ነበር።

የተለወጠብኝ ግን ይህ ነው። ከዚያ በፊት ጸባይ ማለት ሌላ ሰው ስለ እኔ የሚናገረው ነገር ይመስለኝ ነበር። እንደ ሰዓት፣ እንደ ደረጃ፣ ዳኛ ይዞት የሚዞር ነገር። አንዲት ሴት ስለ እኔ አለ የተባለ ክፋት ሁሉ ተናገረች፤ እንደሷ የወደደኝ ሰው ግን የለም። ሀዋን ደግሞ ሠፈር ሙሉ አመሰገናት፤ አንድም ሰው አልጠቀማትም። እናንተ የምታነቡ፣ ስለ እናንተ ክፉ ተወራ ብለው ቢነግሯችሁ፣ ፈርዳችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ለማን ተብሎ እንደተወራ ጠይቁ። እናንተ ደግሞ የሰው ልጅ ጸባይ ለመመዘን ጎረቤት የምትዞሩ፣ ለምን እንደምትጠይቁ ተናገሩ። በእኛ አገር ስለ ሴት ልጅ ያለ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው መጥቶ አያውቅም።

ይኸው ነው። አሁን ወደ መድረኩ ጀርባ።

የወንዶቹ ተራ አለቀ። ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ አስተዋዋቂው ወደ እኛ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀ። ወይዘሮ ሮማን ማይክ ተቀብለው ለአዴ ዘረጉላት። አዴ ተቀበለች። አያያዟ እንደ ውሃ ጆግ ነው፣ በሁለት እጇ። አንዱን እግሯን የመድረኩ ደረጃ ላይ አደረገች።

ክርክር ቢሆን አሸንፋት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ጊዜ የለም፣ አዴም አትረታም። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ከወጣሁ የምትሸለመው ሰሚራ ናት። እኔ ካልተሸለምኩ ደግሞ አዴ የምትመሰክርለት ሰው የለም።

«ወይዘሮ ሮማን» አልኩ፤ ቢሮ ውስጥ በጮህኩበት ድምፅ ሳይሆን ቀስ ብዬ። «እኔ ከሽልማቱ ወጥቻለሁ። ሰሚራን ጥሯት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰሚራን ጥሯት። አባቷም መጥተዋል።»

አዴ ከደረጃው ላይ ሆና ዞረች። «አያንቱ! አንቺ! ተመለሺ! ወላሂ እናገራለሁ!» ማይኩ በርቶ ነበርና ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሳቀ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘርግተው ማይኩን ቀስ ብለው ከእጇ ሲወስዱት አየሁ። ኮች ደምሴ ስሜን ጠራ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና። የጓሮው በር ብረት ነው፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። የሰሚራ ስም ከውስጥ ሲጠራና ሲጨበጨብ ሰማሁ። ባጃጆቹን በመሃላቸው አቋርጬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።